ከብት የሌለው ሆራ

ባለፈው ሐምሌ፣ ዝናብና ጉም ተማምለው ሮቤን በሸፈኑበት አንድ ጠዋት፣ ካፖርትና ሹራብ ይወጣዋል ብዬ የገዛሁትን የሰልባጅ ቦንዳ ሱቄ ውስጥ ፈታሁ። ቦንዳ እንደ አማች ነው፤ ታስሮ ሲታይ ያስከብራል፣ ጉዱ የሚታወቀው ቤት ገብቶ ሲፈታ ነው። የዚያን ቀኑ ጉድ የዋና ቁምጣ ሆነ። አንድ ሁለት ቢሆን የልጆች ፒጃማ ነው ብዬ እሸጠው ነበር፤ ይሄ ግን ግማሽ ቦንዳ ነው፤ ብርቱካናማው፣ አረንጓዴው፣ ዘንባባ የተሳለበት፣ ዓሣ የተሳለበት፣ ሁሉም ገመዱ እንደተቆረጠ እየሳቀብኝ ዘሎ ወጣ። እዚህ አገር ሰው በሐምሌ ሁለት ሱሪ ደርቦ ነው የሚውለው። ጎረቤቴ ባለ ሸቀጡ ሸምሱ አንዱን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣ «አዴ ሙና፣ ይሄ ለየትኛው ክረምት ነው?» አለኝ። «ለሞቀው ሰው ነው፤ አንተን አይመለከትም» አልኩት።

ኪስ መፈተሽ የሙያው ደንብ ነው። ሰልባጅ ኪስ ውስጥ የአውቶቡስ ትኬት፣ የከረሜላ ወረቀት፣ አንድ ጊዜም የሰው ጥርስ አግኝቻለሁ። በአንደኛው ቁምጣ ኪስ ግን ጣቴ ስፌቱ ጥግ ላይ የተጠራቀመ አሸዋ ነካ፤ ነጭ፣ ደቃቅ፣ እንደ በሶ የላመ። መዳፌ ላይ አፍስሼ አየሁት፤ ሸምሱ እንዳያየኝ ዞር ብዬም በምላሴ ጫፍ ቀመስኩት። ጨው ጨው አለኝ፤ ወይም እንዲለኝ ፈልጌ ነው። ደጅ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል፣ እኔ ግን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ፣ ሞምባሳ ባሕር ውስጥ ቆሜ ነበር።

የሮቤ ሰው ሆኖ በዚያ ዘመን ሞምባሳ ለዕረፍት ሄጄ ነበር የሚል ካጋጠማችሁ ተጠራጠሩት። በኛ ሰፈር ዕረፍት የሚሰጠው ለተማሪና ለሟች ብቻ ነበር። እኛም ብንሆን የሄድነው ለዕረፍት አልነበረም፤ ለዕረፍት መስለን ነው የሄድነው። ጉዳዩ አልዪ የሚባለው አጎቴ ነው። የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ በደርግ መጨረሻ ከጎባ ገበያ ታፍሶ ወደ ጦር ሜዳ ተወሰደ፣ ጦሩ ሲበተን ደግሞ ጓደኞቹ ወደየቤታቸው ሲሮጡ እሱ በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ ሮጠ። አምስት ዓመት ያህል አንዴ ሞቷል፣ አንዴ ሀብታም ሆኗል ሲባል ከቆየ በኋላ አንድ የሞያሌ ሾፌር የአባቴን ሱቅ ጠይቆ መጣና መልእክቱን በቃሉ አደረሰ፤ «ሞምባሳ ነኝ። ባሕር ዳር ነው የምኖረው። ሰው ከሩቅ አገር እየመጣ ምንም ሳይሠራ የሚውልበት ቦታ ነው። አባቴን ላኩልኝና ይረፍ።»

አባቱ ማለት የኔ አያት ከድር ነው፣ አካኮ የምለው። አካኮ ከጎባ በላይ፣ ጠዋት ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ በሚነጋበት ዳገት ላይ ከብት ያረባ ነበር። ከብቱ ብዙ ነው፣ ልጆቹ ሁለት ናቸው፤ ትልቁ፣ አባቴ፣ ሮቤ ወርዶ ሱቅ ከከፈተ ወዲህ ላምን የሚያውቃት በወተት በኩል ብቻ ነው። አልዪ ካልተመለሰ መንጋው ከአካኮ በኋላ እረኛ የለውም፤ ይሸጣል፣ ይበተናል። ይህን ቤታችን ውስጥ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ጮክ ብሎ የሚናገረው ግን አልነበረም።

ከዚያ መንጋ እኔ የምወደው ሆራ የሚወርድበትን ቀን ነው። ትምህርት ሲዘጋ ወደ አካኮ እላክና ከከብቱ ጋር ግማሽ ቀን ተጉዘን፣ ከመሬት የሚፈልቀው ጨዋማ ውኃ ጋ እንደርሳለን። ሆራው ገና ሳይታይ ሽታው ሲደርሳቸው፣ በዱላ ስትነዳ የኖረች አሮጊት ላም እንኳ ጭራዋን ሰቅላ ጥጃ ትሆናለች፤ መሬቱ ይንቀጠቀጣል፣ አቧራው ይነሳል፣ አካኮ እየሳቀ «ልቀቋቸው! ልቀቋቸው!» ይላል። ከዚያ እንደ ደንቡ ይመርቃል፣ በቅል ቀድቶ ራሱ ደግሞ ይጠጣል፤ ሆድ ያጥባል፣ ሐሞት ያወርዳል ይባላልና። ሆራ የቀመሰ ከብት ወተቱ ይጨምራል፣ ጠጉሩ ያንጸባርቃል፣ መንገዱንም አይረሳም፤ ጊዜው ሲደርስ ገመድ በጥሶ ብቻውን ይሄዳል።

አካኮ መልእክቱን በሰማ በአራተኛው ቀን «እሄዳለሁ፤ ሙና አብራኝ ትሄዳለች» አለ። ምክንያቱን ለአባቴ ሲነግረው፣ እኔ ቁቤ ስለማነብ መንገድ አመለክታለሁ ብሎ ነው። ትምህርት ቤታችን ከአማርኛ ወደ ቁቤ ከዞረ ብዙ አልቆየም ነበርና አስተማሪውም እኛም እኩል ፊደል የምንቆጥርበት ጊዜ ነው፤ ቢሆንም በቤቱ አንባቢ ተብዬ ኮራሁ። እውነተኛውን ምክንያት የነገረኝ የሻሸመኔ አውቶቡስ ዲንሾን እንዳለፈ ነው።

«ኢንተለ ኮ» አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው። «በሬ የሚታሰረው በቀንዱ፣ ሰው በአንደበቱ ነው። እኔ አባት ነኝ፤ አባት ልጁን ና ብሎ ጠርቶት ልጁ እምቢ ካለ፣ እምቢታው እርግማን ሆኖ ይይዘዋል። ባልረግመውም ይይዘዋል። አንቺን እምቢ ቢል ግን ምንም አይሆንም፤ ልጅ ነሽ። ስለዚህ የምትናገሪው አንቺ ነሽ።»

ቃሉንም አስጠናኝ። ጉልበቱን በሁለት እጄ ይዤ፣ ቀና ብዬ፣ «አጎቴ፣ የቤታችን እሳት ሊጠፋ ነው፤ ና እንሂድ» ማለት ነበረብኝ። ሻሸመኔ እስክንደርስ ሃያ ጊዜ አስባለኝ። አጠገባችን ዶሮ ታቅፋ የተቀመጠች ሴት እሳት የጠፋበት ቤት ያለ መስሏት አዘነችልን። «አታልቅሺ» ይለኛል አካኮ፣ «ግን ልታለቅሺ የደረስሽ ምሰይ። ድምፅሽን እዚህ ጋ ስበሪው፤ የለም፣ አበዛሽው፣ የሞተ ሰው አስመሰልሽው።» ኋላ ገበያ ላይ ስንት ዓመት ስጮህ የኖርኩበትን ድምፅ ያሠለጠነልኝ እሱ ነው።

መንገዱን ብተርከው አያልቅም። ስለ ወረቀታችን አትጠይቁኝ፤ ሞያሌ ላይ የጠየቁንም ብዙ አልገፉበትም። ከድንበሩ ወዲያ፣ ዛፍም ጥላም በሌለበት በረሃ፣ በጭነት መኪና ላይ ሁለት ቀን ተንገላታን፤ አፋችን አቧራ ሞላ፤ ቋንቋችን ግን እስከ ኢሲዮሎ ድረስ ተከተለን። አካኮ በየማረፊያው በኦሮምኛ «ነጋ?»፣ ሰላም ነው ወይ፣ ሲል «ነጋ!» የሚለው አያጣም፤ ስለ ዝናብና ስለ ከብት ዋጋ ያወራል፣ ውጭ አገር መሆናችንን ሊያምን አልቻለም። እኔ ደግሞ ኢሲዮሎን ካለፍን በኋላ አዲስ ሥራ አገኘሁ፤ የሱቅ፣ የመኪና፣ የግድግዳ ጽሑፍ ሁሉ በላቲን ፊደል ነውና፣ ያየሁትን የስዋሂሊ ጽሑፍ ጮክ ብዬ በቁቤ አነባለሁ። ሁሉንም አነበብኩ፣ አንዱም አልገባኝም። አካኮ «ምን ይላል?» ሲለኝ አንባቢነቴ እንዳይዋረድ የመሰለኝን እተረጉማለሁ። ናይሮቢ ላይ አንድ ትልቅ ሰሌዳ «እንኳን ደህና መጣህ ሐጂ ከድር» ይላል ብዬው ነበር፤ ሐጅ አላደረገም፣ ግን ዝም ብሎ ተቀበለ።

ሙቀቱ ሌላ ነው። ከሻሸመኔ ጀምሮ ሰዉ እየተራቆተ ሲሄድ አካኮ ወፍራም ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ነው የሚጓዘው፤ ደጋ ያደገ ሰው ልብሱን ውጭ ካወለቀ ምች ይመታዋል። ሞምባሳ ስንደርስ ከፊቱ የሚወርደው ላብ ጺሙ ላይ ተሰልፎ ይንጠባጠብ ነበር። እኔም ሁለት ሹራብ ላይ ነበርኩ፤ እናቴ «የሰው አገር ብርድ ይከፋል» ብላ ደርባልኛለች።

ያቺ ከተማ ግን! ከአውቶቡሱ እንደወረድን የዓሣ ጥብስ፣ የናፍጣ፣ የቅርንፉድና የበሰበሰ ማንጎ ሽታ አንድ ላይ ሆኖ ፊቴን መታኝ። ግድግዳው ነጭ፣ ሰማዩ ነጭ፤ ጥቁር የለበሱ ሴቶች መሐል ጽሑፍ ያለበት ባለ ቀለም ጨርቅ ያገለደሙ ሴቶች፤ በብስክሌት ላይ ተራራ የሚያህል ኮኮናት የጫነ ሰው፤ ሙዚቃውን ለቆ፣ ረዳቱ በር ላይ እየጨፈረ የሚበር ሚኒባስ፤ የመስጊድ አዛን፣ የቁራ ጩኸት፣ የመርከብ ጡሩምባ። ሮቤ በገበያ ቀን እንኳ እንዲህ ጮኻ አታውቅም። ልቤ አንድ ቦታ አልቀመጥ አለ፤ በየት በኩል እንደማይ ጠፍቶኝ እንደ ዞረበት በግ ዙሪያዬን እሽከረከራለሁ።

አጎቴ ቁምጣ ለብሶ መጣ። አካኮ መጀመሪያ አላወቀውም፤ ያወቀው ጊዜ ያየው ፊቱን ሳይሆን ጉልበቱን ነው። «ሱሪህን ማን ወሰደብህ?» የሚለው ከአምስት ዓመት በኋላ ለልጁ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነው። አጎቴ እየሳቀና እያለቀሰ እግሩ ላይ ወደቀ። ከኋላው ሳልማ የምትባል፣ ሳቅ የማያልቅባት ሚስቱ ቆማ ነበር፤ ማግባቱን የሰማነው ስናያት ነው። አንድ የጋራ ቋንቋ ስላልነበራቸው አካኮና ሳልማ አሥራ አንዱንም ቀን የተነጋገሩት በሰላምታ፣ በ«አልሐምዱሊላህ»ና በ«ኢንሻ አላህ» ነው፤ በሦስቱ ተዋወቁ፣ በሦስቱ ስለ ምግብ ተጨቃጨቁ፣ በሦስቱ ታረቁ።

የአጎቴን ሥራ ማግሥቱን አየን። ሱልጣን የሚባል ግመል አለው፤ አንገቱ ላይ ቃጭልና የፕላስቲክ አበባ አስሮ፣ የሚዝናናውን ሕዝብ እያሳፈረ በአሸዋው ላይ ወዲያና ወዲህ ይጎትተዋል። አካኮ ይህን ሲያይ ከቁምጣው ይልቅ ደነገጠ። «ምን ጭኖ ነው የሚሄደው?» አለ። «ሰው ነው፣ አባ።» «የት ሊያደርሳቸው?» «የትም። እዚያ ድረስ ወስጄ እመልሳቸዋለሁ።» አካኮ ጥቂት አሰበና «ታዲያ ሲጀመር እዚያው ቢቆዩ ምን ነበረበት?» አለ። በፀሐይ እንደ ተሰጣ በርበሬ ቀልተው የተዘረጉትን ፈረንጆች አይቶም፣ «እነዚህን የሚያነሳቸው ዘመድ የላቸውም?» ብሎ በጣም አዘነ። ከዚያ ካፖርቱን እንደለበሰ አንድ የኮኮናት ዛፍ ሥር ሄደ፣ ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ ተቀመጠ። ልጁን ሊወስድ ነው የመጣው፤ ውኃ ሊያይ አልመጣም።

እኔ ግን አየሁት። አየሁት ብቻ አይደለም፤ ገባሁበት፣ ገባብኝ። የመጀመሪያው ሞገድ እግሬን ሲነካኝ ጮኼ ሸሸሁ፤ ሁለተኛው ሲመጣ ጮኼ ጠበቅሁት፤ ከአምስተኛው በኋላ የጮኸው ማን እንደሆነ አላውቅም። ከእግሬ ሥር አሸዋው እየሸሸ ሲቦረቡረኝ መሬት ራሷ የምትኮረኩረኝ ይመስለኛል። ሳልማ ሹራቤን አስወልቃ፣ ሎሚና ሚጥሚጣ የነሰነሰችበትን የካሳቫ ጥብስ እያጎረሰች፣ አንገቱ የተቀላ ኮኮናት እያስጠጣች፣ ወገቤ ላይ ቀይ ጨርቅ አስራ ለቀቀችኝ። ሱልጣን ላይ ስወጣ ሰማይ የደረስኩ መሰለኝ፤ ልጆቹ ከታች እየሮጡ ስሜን ይጠሩኛል፤ በሦስት ቀን ውስጥ መንደሩ ሁሉ «ሙና! ሙና!» ሆነ። ሮቤ ላይ ከአባቴ ሱቅ ማዶ ስሜን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ችግሩ አንድ ነበር። በየምሽቱ ከመግሪብ ሶላት በኋላ አካኮ ጠጋ ይለኝና «ነገርሽው?» ይላል። አልነገርኩትም። ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር፤ ጥርት ብሎ፣ ድምፄ የት ጋ እንደሚሰበር ሳይቀር። ነገር ግን በዚያች ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ሮቤ እንዳለች ገብቶኛል። እሺ ቢል ነገውኑ ዕቃ እንጠቀልላለን፤ እምቢ ቢል አካኮ አንድ ቀን አያድርም። በሁለቱም በኩል ባሕሩ ያልቅብኛል። ስለዚህ «ዛሬ ደክሞታል፣ ነገ» አልኩ። በማግሥቱ «ግመሉ አሞታል፣ ልቡ እዚያ ነው» አልኩ። ከዚያ «ነገ ጁምዓ አይደል? ከሶላት በኋላ ልቡ ይራራል» አልኩ፤ ጁምዓ ሲያልፍ ደግሞ ሶላቱ አጭር ነበር አልኩ። ሰው ንግድ የት ተማርሽ ሲለኝ ሮቤ ገበያ እላለሁ፤ ውሸቴን ነው። ለአንድ ሽማግሌ አንዷን ነገ አምስት ጊዜ የሸጥኩት እዚያ ነው፤ ያን የመሰለ ገዢም ከዚያ በኋላ አላገኘሁም።

በስድስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ሸሸ። ሁልጊዜም ይሸሻል፤ አካኮ ግን ጀርባውን ስለሰጠው አላየውም። የዚያን ቀን ለሶላት ውዱእ አድርጎ ሲነሳ ዞር ሲል፣ ባሕር የነበረበት ቦታ እርጥብ አሸዋና አረንጓዴ ሣር ሆኖ፣ ጀልባዎቹ በጎናቸው ተጋድመዋል። ቆሞ ቀረ። «ሙና! ማን ጠጣው?» ብሎ ጮኸ። ማንም አልጠጣውም፣ ይመለሳል አልኩት፤ አላመነኝም። በትሩንና የውዱእ ጣሳውን እንደያዘ፣ ካፖርቱን እየጎተተ፣ ወደ ውስጥ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። ሸርጣኖች ከፊቱ ይሸሻሉ። ውኃው የቀረበት ጫፍ ስንደርስ ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ዘገነ፤ አሸተተ፤ ቀመሰ።

ፊቱ ላይ የሆነውን እንዴት ልንገራችሁ። ስድስት ቀን እንደ ዘጉት በር የነበረው ፊት ተከፈተ። «ሆራ!» አለ። እንደገና ቀመሰ። «ያ ረቢ፣ ሆራ ነው! ሙና፣ ሆራ ነው እኮ!» ዞር ብሎ እስከ አድማስ ድረስ አየው፤ የዓለም ሆራ ሁሉ እናት እፊቱ ተዘርግታለች። በእጁ ልክ እንደሚለካ ሰው ወዲያና ወዲህ ጠቆመና በምሬት «አንድም ከብት የለም!» አለ። «ይህ ሁሉ ሆራ! ፈረንጅ እግሩን ይታጠብበታል!» ከዚያ የደስታው ብዛት ሲጠናበት እዚያው፣ እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ገብቶ፣ እጁን ዘርግቶ መረቀ፤ የደጋ ከብት በሙሉ፣ ዳማዋ፣ ቡሬው፣ ያልተወለደው ጥጃ ሳይቀር በስም እየተጠራ የህንድ ውቅያኖስ ተመረቀላቸው። እኔም አገሬ መሰለኝና በሙሉ ድምፄ «አሚን!» አልኩ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አካኮ ግን ደንብ አዋቂ ነው፤ ሆራ ተመርቆ አይተውም፣ ይጠጣል። ስድስት ቀን የሳልማ የኮኮናት ወጥ ሆዱ ላይ ከብዶታል፤ መድኃኒቱ ደግሞ እነሆ። የውዱእ ጣሳውን ሞልቶ ቢስሚላህ ብሎ ጨለጠ። ፊቱን አጨማደደና «ጠንካራ ነው» አለ፣ በአድናቆት፤ ሁለተኛውን ሞላ። ለኔም ሰጠኝ፤ አንድ ጉንጭ ጠጥቼ መልሼ ተፋሁት፤ «የከተማ ሆድ» ብሎ ናቀኝ። የኛ ሆራ ሆድ ያጥባል፤ ይሄኛው ከነግድግዳው ይወስዳል። ፀሐይ ሳትጠልቅ አካኮ አሸዋው ላይ ተጣጥፎ ወደቀ።

አጎቴ ከሥራው ተጠርቶ ሲመጣ በጀርባው አዘለው። ከዚያ ሦስት ቀን ሱልጣን አበባውን እንዳሰረ ሥራ ፈቶ ዋለ። አጎቴ አባቱን ያጥበዋል፣ ይለውጠዋል፣ ሳልማ የሩዝ ውኃና የኮኮናት ውኃ በማንኪያ ታጠጣዋለች፤ «አልሐምዱሊላህ» ትለዋለች፣ «ኢንሻ አላህ» ይላታል፣ እንደገና ይሮጣል። ካፖርቱ ያኔ ነው የወለቀው፤ ሳልማ አጥባ ገመድ ላይ ስታሰጣው መንደሩ ወጥቶ አየው፤ እንደዚያ ያለ ወፍራም ልብስ አይቶ የሚያውቅ አልነበረም። እኔ በር ላይ ተቀምጬ የመጀመሪያውን ቀን ባሕሩን አላየሁም። በሁለተኛው ቀን ትንሽ አየሁት።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ አካኮ ትራስ ተደግፎ ተቀመጠ። አጎቴ ከውጭ ለሱልጣን ሣር እየሰጠ በስዋሂሊ ያንጎራጉራል። አካኮ ዓይኑን ከልጁ ሳያነሳ «ነገርሽው?» አለኝ። አልነገርኩትም አልኩ፤ ለዚህኛው ምክንያት አላዘጋጀሁም ነበር።

«ሆራ የቀመሰ ከብት አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«በገመድ ብትጎትቺው ይመጣል፤ አይመጣም አልልሽም። ግን ዓይኑ ወደ ኋላ ነው፣ ወተቱ ይደርቃል። እኔ ሁለት ጣሳ ጠጥቼ እንዲህ ጣለኝ፤ እሱ አምስት ዓመት ኖሮበታል።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ያን ቃል ዋጪው፣ ኢንተለ ኮ። ለማንም እንዳትናገሪው።»

ማዘን ነበረብኝ። መንጋው መሸጡ ነው፤ ይህን ለማወቅ አሥራ ሁለት ዓመት ይበቃል። እኔ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከዚያ ቤት ወጥቼ እንዴት እንደሮጥኩ አላስታውስም፤ የማስታውሰው ውኃው ውስጥ ከነልብሴ ወድቄ፣ ጨዉ አፍንጫዬ ገብቶ፣ ከሳቄ የተነሳ መነሳት እንዳቃተኝ ነው። የቀሩትን ቀናት እንደ ሠርገኛ አሳለፍኳቸው። አካኮም ዛፉ ሥር ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ፣ ሸሚዙን ብቻ ለብሶ። በሄደና በመጣ ቁጥር አየው፤ ፈረንጅ ሲገባበት ግን አሁንም ያመው ነበር።

በአሥራ አንደኛው ቀን አጎቴ አውቶቡስ ጣቢያ ሸኘን። አካኮ ገብቶ መስኮት ያዘ፤ አጎቴ ለመንገድ ኮኮናት ልግዛላት ብሎ እኔን ወደ ጥግ ወሰደኝ። ሻጩ በገጀራው አናቱን እየቀላ ሳለ አጎቴ ወደ እኔ ሳያይ፣ «ሙና፣ አባቴ የመጣው ሊወስደኝ መስሎኝ ነበር» አለ።

እኔ የሻጩን ገጀራ አየሁ።

«ምንም አልነገረሽም?»

«ለዕረፍት ነው የመጣነው» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። «መልሴን አዘጋጅቼ ነበር እኮ። ጠዋት ማታ አፌ ውስጥ ይዤው ነው የዞርኩት። ዛሬ ይጠይቀኛል፣ ነገ ይጠይቀኛል እያልኩ።»

«ምን ነበር መልሱ?» ልለው አፌን ከፈትኩ። ጉልበቱ አጠገቤ ነው፤ ሁለት እጄን ብዘረጋ ይደርሳል፤ ድምፄን የት ጋ እንደምሰብረው አውቃለሁ። ግን አካኮ ዋጪው ብሎኛል፤ በዚያ ላይ ደግሞ፣ ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፣ አጎቴ ከመጣ በሚቀጥለው ዓመት ማን ወደ ባሕሩ ይጠራኛል? የአውቶቡሱ ሾፌር ጡሩምባውን ነፋ። አጎቴ ኮኮናቱን አስታቀፈኝና ግንባሬን ስሞ ወደ አውቶቡሱ ገፋኝ።

በሚቀጥለው ዓመት የጠራኝ የለም፤ ከዚያ በኋላም። ሳልማ ልጅ ወለደች፣ ቀጥሎ ሌላ፤ መልእክት ያመጣልን የሞያሌው ሾፌር መንገድ ቀየረ። አካኮ ሁለት ክረምት ቆይቶ አረፈ፤ ወሬው አጎቴ ጋ የደረሰው አርባው ካለፈ በኋላ ነው። መንጋውን አባቴ ጎባ ገበያ አወጣው፤ ዳማዋ ከገዢዋ አምልጣ ሁለት ጊዜ ወደ ባዶው ጋጣ ተመልሳ መጣች፤ በሦስተኛው ለሥጋ ሸጧት መሰለኝ፣ አልመጣችም። ያ ዳገት ዛሬ ትራክተር የሚያርሰው የስንዴ ማሳ ነው፤ ጥሩ ስንዴ ይሰጣል፤ አላማም። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ የሸጥኩትን ዕቃ ዋጋ ሳላውቅ የሸጥኩበት ቀን ግን ያ የአውቶቡስ ጣቢያው ቀን ብቻ ነው።

ስልክ በየእጁ ከገባ በኋላ አጎቴን በልጁ በኩል አገኘሁት። አርጅቷል፤ ሱልጣን ሞቷል፣ አሁን ሌላ ሰው ነው በዚያ አሸዋ ግመል የሚጎትተው። በወር አንዴ እንደዋወላለን፤ ኦሮምኛው ላይ ስዋሂሊው እየወጣበት ሄዷል። ካቻምና አንድ ቀን እንደ ዋዛ አድርጌ፣ «አጎቴ፣ ያኔ አውቶቡሱ ጋ አዘጋጅቼዋለሁ ያልከኝ መልስ ምን ነበር?» አልኩት።

ሳቀ። «የቱ መልስ? ስንት ዘመኑ! ረስቼዋለሁ እኮ።» የረሳ ሰው እንዲያ ቶሎ አይስቅም። ከዚያ ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ «አባቴስ ምን በይው ብሎሽ ነበር?» አለኝ።

ጉልበቱን የያዝኩ ያህል ሁለት እጄ ስልኩ ላይ ነበር። «እኔም ረስቼዋለሁ» አልኩት።

ደኅና ዋይ፣ ደኅና ዋል አልተባባልንም፣ ስልኩንም አልዘጋንም፤ ባሕሩ ከኋላው እየመጣ ሲመለስ፣ እየመጣ ሲመለስ ይሰማኝ ነበርና፣ ካርዱ እስኪያልቅ ድረስ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ቆየሁ።